አርባ አንደኛ የወጣችው እህቴ

ካርዱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ዋጋ የለውም።

እህቴ አገር ቤት፣ ቢስቲማ ከተማ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስትማር ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም። አባታችን ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ ወሬያቸው እሷ ነበረች፤ «የኔ ልጅ ዘንድሮም አንደኛ» ይላሉ፣ ሳይጠየቁም ይላሉ። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ከምትኖረው አክስታችን ቤት ሆና እንድትማር ተደረገ። ሐኪም ትሆናለች ተብሎ ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረም። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከቤተሰቡ አስረኛን የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ስለ ትምህርት የምጠየቀው እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር መጠየቁንም እወደው ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ ካርዷን ይዛ ወደ እኔ ወረደች። አባታችንም ውጤቷን ሊሰሙ ከአገር ቤት መጥተው አልጋዬ ላይ ተቀምጠዋል። ካርዱ ላይ ደረጃ በሚለው ቦታ 41 ተጽፏል። ከስንት እንደሆነ አይናገርም።

«ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ናችሁ?» አልኳት።

«ሃምሳ ሁለት» አለች።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደረጃ ማለት ከክፍል ጓደኞች ጋር ብቻ የሚወዳደሩበት ነው፤ ሌላ ዓይነት ደረጃ አለ ብሎ የነገረኝ የለም። አማካይ ውጤቷ ሰማንያ ሦስት ነበር። አይቼዋለሁ። ግን ከተማ ውስጥ ሁሉም ዘጠና ያመጣ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወደ አባታችን ዞሬ «ውራ ለመውጣት ትንሽ ነው የቀራት» አልኩ። እሷም ብትሆን ካርዱን የሰጧት መምህር ምንም ሳያስረዱ ስለወጡ፣ እኔ ያልኩትን አመነች። አለቀሰች። እኔ ሊቁ ለቅሶዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጠርኩት።

አባታችን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ማንበብ ባይችሉም ካርዱን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «አላህ ያለው ይሁን እንግዲህ። ከተማው አዘናግቷታል፤ ወደ ቤቷ ትመለስ» አሉ። ቆይ፣ መምህሯን ጠይቄ ልምጣ ማለት እችል ነበር። ደሴ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳገቱን መውጣት ነው። ግን የማላውቀው ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ትምህርቷን አቋርጣ አገር ቤት ጥቂት ዓመታት ቆይታ ኮምቦልቻ መጣችና ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ቀኑን ሙሉ ጃኬት ላይ ኪስ ትሰፋለች። አባታችን ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቷን በአፋቸው አላነሱም። አምና አረፉ።

ዘንድሮ የራሴ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ደረጃ 28 ይዛ መጣች። ግሳጼዬን አዘጋጅቼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህርቷ ፈገግ አሉ።

«እኛ ጋ ደረጃ የምናወጣው የአራተኛን ክፍሎች በሙሉ ደምረን ነው። ልጅዎ ከክፍሏ ስድስተኛ ናት እኮ!»

አንዱ ትምህርት ቤት በየክፍሉ እንደሚያወጣ፣ ሌላው ሁሉንም እንደሚደምር፣ ጭራሽ ደረጃ የማያወጣም እንዳለ በትዕግስት አስረዱኝ። የአንዱን ደረጃ ወስዶ ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል አሉኝ። እኔ ስለ ልጄ መስማቱን ትቼዋለሁ። ፊቴ የመጣው የእህቴ 41 ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ደሴ፣ እህቴ ወደ ተማረችበት ትምህርት ቤት ወጣሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የድሮውን ሮስተር ፈልጋ አመጣችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያን ጊዜ ስምንት ሴክሽን ነበር፣ ከአራት መቶ በላይ ተማሪ። እህቴ ከሁሉም አርባ አንደኛ፣ ከክፍሏ አምስተኛ። ጣቴን ስሟ ላይ አድርጌ ቆየሁ። «ምነው፣ ስህተት አለው እንዴ?» አለችኝ ሠራተኛዋ። የለውም አልኳት።

እሑድ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስንት ጊዜ «አፉ በይኝ» እንዳልኳት አላውቅም።

«አምስተኛ?» አለች። እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። «እኔኮ ደደብ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት፣ ጋሼ።»

እንድትጮህብኝ ፈለግሁ። አልጮኸችም። «አባዬስ?» አለችኝ።

«አባዬ ምን?»

«ተዘናግታ ወደቀች ብለው ነው የሞቱት። ለኔስ ነገርከኝ። ለሳቸው ማን ይንገራቸው?»

ተነስቼ ያጠበችውን ልብስ ገመዱ ላይ ማስጣት ጀመርኩ።