ማንበብ የማትችለው ልጄ

ሻይ ቤቴ ሉማሜ ነው፣ አስፋልቱ ዳር። ከፊት የደንበኛ አግዳሚዎች አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ከሰልና ዱቄት የማስቀምጥባት ጠባብ ጓዳ አለች። ትምህርት ቤታችን እሷ ናት። ሰሌዳውን የሠራልኝ ባለቤቴ ነው። አናጢ ስለሆነ ጣውላ ላገልኝ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰባብሮ ጥላሸቱን በጠበጠና ቀባው፤ ከመንግሥት ሰሌዳ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የዚህ አገር ሰው አይደለም ማለት ነው። እዚህ ያለነው እናውቀዋለን፣ ሌላውን ሆድ ይፍጀው። ወንዱ ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር። ሴቷ ገና ልትጀምር ቦርሳ ተገዝቶላት፣ ስታዝለው ወደ ኋላ እየጎተታት ነበር። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። መጀመሪያ ልጆቹ ደስ አላቸው፣ ቀጥሎ ሰለቻቸው። ከዚያ ወንዱ ዩኒፎርሙን እየለበሰ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር መቆም ጀመረ። «ምን ታደርጋለህ እዚህ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። እንደዚያ ሲለኝ አንጀቴ አልቻለም። ከአሥረኛ ክፍል ያላለፍኩ ሻይ አፍይ ነኝ፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ጠመኔ ገዝቼ ገባሁበት።

ሕጉን ያወጣችው ትንሿ ናት። ትምህርት ከተጀመረ እኔን እማዬ ማለት ክልክል ነው፣ ቲቸር ነኝ። ከመኝታ ቤት እስከ ጓዳ ያለችውን መንገድ ቦርሳዋን አዝላ ትመጣለች፤ ካረፈደች በሩን አንኳኩታ «ልግባ ቲቸር?» ትላለች። ተማሪ ሁለት ብቻ ሆነው ሳለ ዱካ ላይ ወጥታ ጣቷን እያጮኸች «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» ትለኛለች። ወንድሟ ይስቅባታል። «ሌላ ማን አለና ነው የምትሻሚው?» ሲላት «ዝም በል፣ ክፍል ይረበሻል!» ትለዋለች። ከውጭ ደንበኛ «እትዬ፣ ሁለት ሻይ!» ሲል እኔ ሳልነሳ እሷ ትቀድመኝና «ቲቸር ሥራ ላይ ናት፣ ይጠብቁ!» ብላ ትጮኻለች። ወይ ጉዴ! ስንቱን ደንበኛ አስቀይማብኛለች።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ጠመኔ እወረውራለሁ። አንድ ጊዜ በበሩ አልፎ የአንድ ሹፌር ሻይ ውስጥ ገባ። ሰውየው «እትዬ፣ ስኳሩ በዛ» ብሎ አወጣው፤ ልጆቹ እስኪያማቸው ሳቁ። ማባዛት የማስተምረው በትሪ ነው። አንድ ትሪ ስድስት ብርጭቆ ይይዛል፣ አራት ትሪ ስንት ይይዛል? ወንዱ ሳልጨርስ ይመልሳል። ትንሿ «ፓስቲውስ አይቆጠርም እንዴ?» ትላለች። ፊደሉን ግን እንደ ውሃ ጠጣችው። ብዙም ሳትቆይ ሁለት ሦስት ፊደል እየገጠመች ቃል ማንበብ ጀምራ ነበር። እኔ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ጦም ውዬ እንኳ አይርበኝም ነበር።

ከዚያ እኔ አለቅሁ።

ከጎረቤት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ተውሰን ነበር። ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ማካፈል ላይ ደረስን። ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛው አልኩት፤ እኔንም እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።

«ለምንድን ነው የሚገለበጠው?» አለኝ።

«ስለሚገለበጥ!»

«እሱማ እሺ፣ ግን ለምን?»

«ዝም ብለህ ገልብጥ አልኩህ!»

«እሺ ቲቸር» አለና ገለበጠ። መልሱ ልክ ነበር። ቀና ብሎ ግን አላየኝም። እንዳላሳፍራት ብሎ ነው ዐይኑን የሰበረልኝ፣ ገባኝ። ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

የባለቤቴ እህት አዲስ አበባ ናት፣ ልጅ አልወለደችም። «ወንዱን ላኩልኝ፣ እዚህ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እኔ ነበርኩ እንቢ የምለው። ያን ሰሞን ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «አንቺ ያለሽን ሁሉ ሰጠሽው። ያንቺ አለቀ፣ ልጁ ግን አላለቀም» አለኝ። እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም፤ ሻዩንም ያለ ስኳር ነው የሰጠሁት። ዝም ብሎ ጠጣው። ማታ ላይ እኔው ራሴ የልጁን ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት አንድ የምናውቀው ሹፌር ሊወስደው መጣ። ልጄ እስከ መኪናው በር ድረስ እንደ ትልቅ ሰው ሄደ። እዚያ ሲደርስ የእህቱን እጅ ያዘና አልለቅ አለ። አያለቅስም፣ አይጮህም፣ አይለቅም። «እሷስ?» አለ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አባቱ ተንበረከከለት። «እሷም ትመጣለች። ማንበብ በቻለች ማግስት እልካታለሁ፣ አባቴ ይሙት! አክስትህም ተስማምታለች» አለው። ያኔ ለቀቃት። ጎንበስ አለና «ቶሎ ቻይ እሺ? ቶሎ» አላት። እሷ አንገቷን ነቀነቀች። መኪናው ከሄደ በኋላ እኔ ገብቼ ሻይ ቀዳሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። እንባዬ ትሪው ላይ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ «አይዞሽ ልጄ፣ ለደጉ ነው» አሉኝ። ለደጉ መሆኑን ማን አጣው?

በማግስቱ ከአንድ ተማሪዬ ጋር ጓዳ ገባን። ትንሿ ቦርሳዋን አላዘለችም። ሰሌዳው ላይ «በግ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ድሮ ሳልጨርስ ነበር የምትነጥቀኝ።

«ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«ይህችኛዋ ማን ናት?»

«ረሳኋት።»

ወንድሟ ናፍቋት ነው ብዬ ተውኳት። ልቧ ተሰብሮ ፊደል ከየት ይምጣ? ግን ሳምንቱም አለፈ፣ ወሩም አለፈ፣ እሷ ጭራሽ ወደ ኋላ ሄደች። ዛሬ ሀን ከሰ ጋር ታምታታለች፣ ነገ ሀንም ትረሳለች። ጣቷን ማጮህ ተወች። ለመንኳት፣ ከረሜላ ገዛሁላት፣ ቁጣም ሞከርኩ። «ድንጋይ ነሽ እንዴ አንቺ? ድንጋይ እንኳ ሲወቅሩት ይበሳል!» ብዬ የጮህኩባት ቀን ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሷ ጉልበቷን እያየች ቀስ ብላ «አይገባኝም ቲቸር» አለችኝ። ባለቤቴ «ለየኔታ እንስጣት፣ ምናልባት በዜማው ትይዘዋለች» ይላል። እኔ ደግሞ ወንዱ ልጄ ሲደውል የምለው ጠፋኝ።

ልጄ የሚደውለው እሑድ እሑድ ነው፣ ኔትወርክ ካለ። ስለ ትምህርቱ ስጠይቀው ጥሩ ነው ይላል። ስለ አክስቱ ስጠይቀው ጥሩ ናት ይላል። አንድ ቀን ብቻ «እማ፣ እዚህ ቤቱ ጸጥ ይላል» አለኝ። አነጋገሩን የክፍሉ ልጆች እየቀዱ ይስቁበታል አሉ፣ ይህንን የነገረችኝ አክስቱ ናት፣ እሱ አልነገረኝም። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ማንበብ ቻለች?» «እያጠናች ነው አባቴ» እለዋለሁ።

አንድ ነገር ዐይኔ ውስጥ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለሻይ መኪና ሲቆም ትንሿ ፓስቲ በሳህን ይዛ ወደ ተሳፋሪው ትሄዳለች፣ ትወደዋለች። አንዳንዴ ግን ሳህኑን አስቀምጣ ጓዳ ትገባና ከሰል ማዳበሪያው ኋላ ትቀመጣለች። ሹፌር ተቆጥቷት ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ሚኒባሶች ተከታትለው ቆሙ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን ወደ ደጀን ያዞሩ። ረዳቶቹ ለሻይ ወርደዋል፣ የሚሄዱበትን የሚጣራ ሰው የለም። ወደ መጀመሪያው ሄደችና ሸጠች። ወደ ሁለተኛው ሁለት እርምጃ ሄዳ ቀና አለችና መስታወቱን አየች፤ ሳህኑን መሬት ላይ ጥላው ሮጠች።

ወጥቼ አየሁ። የመጀመሪያው መኪና ታፔላ ደጀን ይላል። የሁለተኛው አዲስ አበባ ይላል።

ሰው ሻይ ይጠራል፣ አልሰማም። ከዚያ ጓዳ ገባሁና ከማዳበሪያው ኋላ አገኘኋት፤ ፊቷ በከሰል ጠቁሯል።

«ሄዷል ወይ?» አለችኝ።

«የቱ?»

«የአዲስ አበባው።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አወቀችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አነበብሽው» አልኳት።

«አላነበብኩም! አልችልም! እማዬ በእመቤቴ፣ አልችልም! ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይልከኛል!» ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለች። መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልናገር? ደስታ ነው። አስተማርኳት! በዚህች የከሰል ጓዳ ውስጥ፣ እኔ፣ ሻይ አፍይዋ፣ ልጄን ማንበብ አስተማርኳት! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ ነው የገባኝ። በየቀኑ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ሁሉ እያነበበች ነበር አላውቅም ስትለኝ የከረመችው። ድንጋይ ነሽ ስላት ድንጋይ አለመሆኗን ታውቀዋለች፤ ስድቤን እያወቀች ዋጠችው፣ እኔ ዘንድ ለመቅረት። የእንቦቃቅላ አቅም ይህን ያህል ይችላል? አቅፌያት መሬት ተቀመጥኩ።

«እኔም ከሄድኩ» አለችኝ ደረቴ ውስጥ ሆና፣ «አንቺ ማንን ታስተምሪያለሽ?»

አንጀቴን በላችው። በቀሚሴ ጫፍ ከሰሉን ከፊቷ ጠረግኩላት።

መላክ እንዳለብኝ አውቃለሁ። የእኔ ትምህርት ለወንዱ አልበቃም፣ ለእሷም አይበቃም፤ ዝም ብለሽ ገልብጪ የምላት ቀን ይመጣል። ትምህርት ቤቱ እንደሆነ የሚከፈትበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ይህን ለራሴ ቀን ሙሉ ነገርኩት፣ ብርጭቆ እያጠብኩ፣ ሊጥ እያሸሁ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀኑ ገፋ። ጓዳ ስንገባ በሩን እንዘጋለን። እሷ በሹክሹክታ ታነብልኛለች፣ እኔ በሹክሹክታ አርማታለሁ። ባለቤቴ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ሀ ሁ ሂ ብቻ ነው ያለው።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ሻይ ይዟል። ትንሿ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«እማ» አለኝ ልጄ፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። «አክስቴ አልጋ አስገባችላት! ከኔ አልጋ አጠገብ ነው ያደረግነው። አንሶላውን እኔ ነኝ ያነጠፍኩት። ማንበብ ቻለች?»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ አፌን አፌን ታያለች፣ ዐይኗን አትነቅልም። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ አንዱን ሳልሰብር ሌላውን የማድንበት ቃል ፈለግኩ፣ የለም።

«ገና ናት አባቴ» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «እማ፣ እንዳትቆጪያት እሺ? አንቺ ስትቆጪ ይጠፋባታል። ቀስ ብለሽ አስተምሪያት፣ እኔ እጠብቃታለሁ።»

«እሺ አባቴ» አልኩት።