ከፎቶዎቿ ሥር ያለው ቦታ

አራት ዓመት ያህል ጓደኛዬ ፎቶ ታነሳ ነበር፤ እኔ ከፎቶው ሥር እጽፍ ነበር። ሁለታችንም የአንኮበር፣ የጎረቤላ ልጆች ነን። ደብረ ብርሃን መጥተን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ አንድ ዶርም ደረሰን፤ ስንመረቅም እዚያው ከተማ ቀረን። እሷ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነች፣ እኔ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ለመጠየቅ በሚኒባስ ወደ አንኮበር እንሄዳለን። በመንገዳችን እሷ ገደሉን፣ ጉሙን፣ ደጋው ላይ የሚበቅለውን ረጅሙን ጅብራ፣ ገበያ የወጣውን ሰው ታነሳለች። እኔ እስከ ረቡዕ ድረስ ሦስት አራት መስመር ጽፌ እልክላታለሁ።

ሰው ፊት መናገር የምፈራ ሴት ነኝ። ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል። እነዚያ ሦስት አራት መስመሮች ግን ማንም ፊቴን ሳያየኝ የምናገርባቸው ነበሩ። ከሥራዬም ከደመወዜም ይልቅ የኔ የምለው እነሱን ነበር።

ገጻችን ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ትልቅ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንከፍተው ተዘግቷል። ደንብ ተላልፋችኋል ይላል፤ የትኛውን ደንብ እንደሆነ አይልም። ይግባኝ የሚለውን ተጭነን ጠበቅን። የመለሰልን ማሽን ነው፤ እሱም ያንኑ ደገመልን። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ራሱ ተከፈተ። ለምን እንደተዘጋ እንዳላወቅን ሁሉ ለምን እንደተከፈተም አላወቅንም። እኔ እፎይ ብዬ ልቀጥል ስል የሷ ልብ ሸፍቷል።

ሌላ ቦታ እንሂድ አለችኝ። ማንም ሰው በነፃ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊተክለው የሚችል፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር እንዳለ ነገረችኝ። በእሱ የሚሠሩ ብዙ ትናንሽ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ አስተዳዳሪ አለው፤ አንዱ ላይ የተመዘገበ ሰው ሌላው ላይ ካለው ጋር ይጻጻፋል። አልገባኝም አልኳት።

«እድር በይው» አለች። «የኛ ሰፈር እድር የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ አለው። የላይኛው ሰፈርም እንደዚሁ። ሐዘን ሲሆን ግን እንሄድላቸዋለን፣ ይመጡልናል። አሁን ያለንበት ላይ ግን አገር ምድሩ የአንድ ሰውዬ ድንኳን ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሰውዬው ሲያሰኘው ያፈርሰዋል።»

«የናንተን ድንኳንስ ንፋስ ቢጥለው?»

«ይጣለው። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ።»

እኔ ተከታዮቻችንን አሰብኩ። እዚያ ማን ያነበኛል አልኩ። ላስብበት አልኳት፤ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አንቺ ስታስቢ ሚኒባሱ ሞልቶ ይሄዳል ብላ ሳቀችብኝና ብቻዋን ሄደች። የድሮውን ገጽ ለኔ ተወችልኝ። አዲስ ፎቶ ስላልነበረኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምጽፍበትም አጣሁ። አልተጣላንም። ቅዳሜ አብረን መሄዳችን አልቀረም። ስታነሳ ቦርሳዋን እይዝላታለሁ፤ ፎቶው የት እንደሚሄድ ግን አልጠይቃትም።

አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ስልኳን እያየች ለብቻዋ ፈገግ ስትል ያዝኳት። ምንድነው አልኳት።

«አንዲት መምህርት አለች፣ ሰላ ድንጋይ ከተማ» አለች። «ስትጽፍ ብታዪያት።»

እኔ እስከ ጎረቤላ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ምንም አላየሁም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ተመዘገብኩ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሰው ነው፤ ለመግባት የፈለጋችሁበትን ምክንያት ጻፉ ይላል። «ለማንበብ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። በነጋታው ገባሁ። የጓደኛዬን ፎቶዎች ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። አንዱ ጉም ውስጥ የቆመው ጅብራ ነበር፤ ስታነሳው አጠገቧ ቆሜያለሁ። ከሥሩ መምህሯ እንዲህ ብላለች፦

«ጅብራ አንዴ አብቦ ይሞታል። ጉሙ ይህን አያውቅም። ዘንድሮም እንደ አምናው ከላይ ወርዶ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል ያደርግለታል።»

እንከን ፈለግኩ። ደጋግሜ አነበብኩና አገኘሁ። እዚያ ቦታ ጉሙ ከላይ አይወርድም፤ ከገደሉ ሥር ነው የሚነሳው። እዚያ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ይቺ ሴት ሳታየው ነው የጻፈችው አልኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ «ጋቢ» የምትለዋ ቃል ለምን ለኔ እንዳልመጣችልኝ ማሰብ ጀመርኩ። የቀሩትንም አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሁሉም ከፎቶው ሥር፣ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ ነበሩ።

አስተዳዳሪው ቅሬታ ካላችሁ በግል ጻፉልኝ ይላል። እኔ ነገር ሳላመዛዝን አልጽፍም፤ መጀመሪያ ደብተር ላይ ሦስት ጊዜ አርቅቄ ነው የላክሁለት። «ከእነዚህ ፎቶዎች ሥር የመጻፍ ሥራ የኔ ነበር። መምህርቷ አንኮበርን አታውቀውም። ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ ሰው ስታገኝ የቆየውን ትረሳለች።» ማንን ማለቴ እንደሆነ እንዳያደናግረው ብዬ የሁለቱንም ሙሉ አድራሻ አስገባሁ።

እዚያ ግን በግል መልእክት ውስጥ የማንንም አድራሻ ካስገባችሁ መልእክቱ ለዚያ ሰውም ይደርሳል። እዚያ የቆየ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር።

አስተዳዳሪው በትህትና መለሰልኝ። «እህቴ፣ የጻፍሽው ለሦስታችንም ደርሷል። ያወቅሽ አልመሰለኝም።» መልእክቱን አጠፋሁት፤ ሁለቱም ግን ቀድመው አንብበውታል።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ለማታውቂው ሰው ጻፍሽ» አለችኝ። «እኔ ካንቺ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሬ እያለሁ።»

በእጄ የነበረውን መዝገብ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«ቦታዬን ወሰዱብኝ ነው የምትዪው። ማን ነው ባዶ የተወው?»

«ደግመሽ አልጠየቅሽኝም» አልኳት። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«ስንቴ ልለምንሽ? ሽማግሌ ልላክብሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

«መምህሯ ጽሑፎቿን በሙሉ አጥፍታለች። ደስ ይበልሽ» ብላኝ ሄደች።

ደስ አለኝ። ልደብቀው እችል ነበር፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ደስታው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ሁሉ አቀለለልኝ። ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ጅብራው ብቻውን ቆሟል፤ ከሥሩ ምንም የለም። ቦታው ያው ባዶ ነው። ደብተሬን አውጥቼ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ሌላ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ጅብራውን ባየሁት ቁጥር የሚመጣልኝ የመምህሯ ጋቢ ነበር። በቃሌ ይዤዋለሁ። አጥፍታ ከፎቶው ላይ አነሳችው እንጂ ከኔ ላይ አላነሳችውም።

የዚያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አካውንት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ ጻፍኩ። «መምህርት፣ እባክዎ ያጠፉትን ይመልሱት። ያንን የጻፍኩት ከቅናት ነው። ጉሙ ግን በእርግጥ ከታች ነው የሚነሳው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንድተዋት ራሴን መከርኩት፤ እምቢ አለኝ።

በማግሥቱ ጽሑፎቹ ተመልሰው ነበር። «እህቴ፣ ጉሙን አስተካክያለሁ፣ አመሰግናለሁ። ጋቢውን ግን አልሰጥሽም» ብላኛለች። አሁን ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ደክሞት ነው ጅብራው ትከሻ ላይ የሚያርፈው። ከበፊቱ የተሻለ ሆኗል። ባላረምኳት ኖሮ ብዬ ተቃጠልኩ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ጓደኛዬ አጠገቧ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቦታ ይዛልኝ ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ አንዱን ፎቶ ለኔም ለመምህሯም ትልካለች፤ ሁለታችንም እንጽፋለን፣ እሷ ትመርጣለች።

ያለፈው ሳምንት ፎቶ በካፊያ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ ገብስ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሦስት ቀን ሠራሁበት። የተመረጠው የመምህሯ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት፤ እንከን ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። እዚያ ጽሑፍን እየገፋ ሰው ፊት የሚያደርስ ማሽን የለም። የሚሄደው አንባቢው በገዛ እጁ ለራሱ ተከታዮች ሲያጋራው ነው፤ ካላጋራው እዚያው ይቀራል። እኔም አሁን ጥቂት ተከታዮች አሉኝ። አብዛኞቹ አንኮበርን የሚወዱ፣ የሷን ጽሑፍ ገና ያላዩ ሰዎች ናቸው።

የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ አጋራሁት።