የባሕሩን አፍ ሊገድቡት ነው

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው ይላሉ። እኔ ከሐረር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ልጄ ሰላም ፈላና በር በሚባለው የከተማው ግንብ መውጫ ላይ ከእህቴ ጋር ቆማ ባጃጁ እስኪታጠፍ አየችኝ፤ እጇን እንኳ አላነሳችም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። "አስመጣሻለሁ" አልኳት። ይኸው አራት ዓመት።

ያለሁት እንግሊዝ አገር፣ ወንዝ ባሕር ውስጥ የሚገባበት ትንሽ ከተማ ነው። እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ጥሎ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን በመስኮት ሳይ ውሃው የለም፤ ጭቃ ብቻ! ደንግጬ ያገኘሁትን ድስትና ባልዲ ሁሉ ከቧንቧ ሞላሁ። አከራዬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ገብተው አዩ።

"ምን መጣ?"

"ውሃ ሄዷል። እኛ አገር፣ ሐረር፣ ውሃ ከሄደ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።"

"ይኼኛው በሰዓቱ ይመጣል፤ ከአውቶቡሳችን ይሻላል" አሉኝ።

ሥራዬም እዚያው ጭቃ ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ገብተን ዛጎል እንለቅማለን፤ ውስጡን ሰው ይበላዋል፣ እኔ አልቀምሰውም። ልጅሽን ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልጋል ስለተባልኩ ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ።

አሁን የባሕሩን አፍ ገድበው ከሚገባ ከሚወጣው ውሃ መብራት ሊያወጡ ነው። አከራዬ ጭስ የሌለው መብራት ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል። ወፍ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ወፎቹ ጭቃው ላይ ነው የሚበሉት፣ ግድቡ ውሃውን ከያዘው ይራባሉ አሉ። አለቃዬም ጭቃው ውሃ ውስጥ ከቀረ እዘጋለሁ አለ። እሱ ከዘጋ የሰላም ነገር አለቀ።

የግድቡ ሰዎች ስብሰባ ጠሩን። መድረክ ላይ ያለችው ሹም "እርስዎስ?" ስትለኝ ተነሳሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዲህ አልኳት፦

"የሐረር ሰዎች ከተማቸውን በግንብ አጠሩ። ጅብ ይፈራሉ፣ ግን ከግንቡ ሥር ለጅቡ ቀዳዳ ተዉለት። ማታ ይገባል፣ ጥራጊውን በልቶ ይወጣል። እናንተ ለዓሣው፣ ለወፉ፣ ለእኛ ምን ትታችኋል?"

"ጅቡ አስቸግሯችሁ አያውቅም?" አለችኝ።

"ፎርም አስሞልቶን አያውቅም።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የግድቡ ኢንጂነር ግን ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ስንወጣም መጥቶ፣ የግድቡን በሮች ሰፋ አድርገን ውሃው ሲሸሽ ከከፈትናቸው የጭቃው ግማሽ ይተርፋል አለኝ። ሮጬ ለአለቃዬ ነገርኩት።

"ለግማሽ ጭቃ የሚበቃኝ ግማሽ ሠራተኛ ነው" አለ። ማን እንደሚሰናበት አልነገረንም።

እሁድ ለሰላም ደወልኩ። መብራት ሄዶባት በስልኳ መብራት እያጠናች ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

"እማዬ፣ መብራቱ ጥሩ አይደል እንዴ? ምነው እዚህ በሠሩልን።"

"ጥሩ ነው ልጄ።"

"እና ይሠሩት?"

"ይሠሩት። አለቃዬ ግን ግማሹን ሠራተኛ አሰናብታለሁ ብሏል።"

"እኔ በየትኛው ግማሽ ነኝ?" አለችኝ።

አፌን ስከፍት ስልኩ ተቋረጠ። ባትሪዋ አልቆ ይሁን፣ ዘግታብኝ ይሁን፣ አላወቅኩም።