ጣሊያኑ አልመታኝም

ጣሊያኑ አልመታኝም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ይጻፍልኝ። በሚኒባስ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር «ጣሊያኑ በማማሰያ የመታት ሴትዮ» ስባል ቆይቻለሁ። ሚዛን ተፈሪ ገበያ አንዲት የማላውቃት ልጅ ሽንኩርት እየመዘነችልኝ «እማማ፣ ራስዎን ነው ወይስ ትከሻዎን?» ብላ ጠይቃኛለች። አልመታኝም። የሚያዋርድ ምግብም አላበላሁትም። በዚህ ሰበብ ከወጥ ቤቴ መባረሬ ግፍ ነበር።

የሠራሁት ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና እርሻ፣ በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ነው። የገባሁት በዕቃ አጣቢነት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊዋ እትዬ ብርቄ እጄን ከገንዳው አውጥታ ፍርፋሪ ያለበት ሰሐን አስያዘችኝ።

«ከማጠብሽ በፊት እዪው» አለችኝ። «እንግዳ በአፉ ‹ይጣፍጣል› ይላል። ሰሐኑ ግን አይዋሽም። ሥጋውን ለቅሞ መረቁን ከተወ በርበሬው በዝቶበታል። ነካክቶ ወደ ዳር ከሰበሰበው አልወደደውም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው።»

ሥራውን የተማርኩት በዚህ ነው። ከአጣቢነት ረዳት ሆንኩ፤ ከረዳትነት ወጥ ሠሪ። እትዬ ብርቄ ጡረታ ስትወጣ የዋንዛ ማማሰያዋን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ።

አዲሱ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲመጣ የሚተክለው ባለሙያ ጣሊያን ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰይፉ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁሉን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ሰበሰበን።

«ጣሊያን ፓስታ ካላገኘ ይታመማል» አለ። «ጠዋት ማኪያቶ፣ ማታ ወይን። ቶሎ ይቆጣል። ሲቆጣ ይጮኻል፣ በእጁም ነው የሚናገረው። ያኔ እንዳትመልሱለት።»

መካኒኩ ደሳለኝ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሴትም ይወዳል አሉ» ሲል ጨመረ።

«እኔን ሲያይ ይተወዋል» አልኩት።

ሰውየው ማርቲኖ ይባላል። አጭር፣ ሽበታም፣ ዝምተኛ። ሲገባ ጫማውን በር ላይ ይጠርጋል፣ ሲወጣ ወንበሩን ይመልሳል። ድምፁን የሚሰማው ማሽኑን አብሮት የሚተክለው ደሳለኝ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደሳለኝ እጁ በግራሶ እንደተለቀለቀ ሮጦ መጣ።

«እትዬ አስቴር! ሰውየው አማርኛ ይችላል እኮ!»

«ምን አለህ?»

«ካቻቢቴ አለኝ! ፒንሳ አለኝ! ቺንጊያ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት!»

ደሳለኝ ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲፈታበት የኖረውን ቃል ከማን እንደወረሰው አያውቅም ነበር።

ለማኪያቶው ወተት ከሩቅ በሞተር ብስክሌት ይመጣል። ማርቲኖ ግን ቡና አይጠጣም፤ ጨጓራ አለበት። እኔም አልጠጣም፤ ልቤን ይመታኛል። በዚያ ሁሉ ቡና መካከል ኮረሪማ የገባበት ሻይ የምንጠጣ እኛ ሁለታችን ነበርን። ወይኑንም አልከፈተውም። ፓስታው ደግሞ በየቀኑ ተነካክቶ፣ ወደ ዳር ተሰብስቦ ተመለሰ።

አቶ ሰይፉ ዘንድ ሄድኩ። «ሰሐኑ እየተመለሰ ነው» አልኩት።

«ሱጎው ነው። ቲማቲም ጨምሪበት።»

«ሰውየውን ይጠይቁታ።»

«ጣሊያንን ‹ፓስታ ትወዳለህ ወይ› ብዬ? ይስቅብኛል እኮ፣ አስቴር።»

ቲማቲም ጨመርኩ። ሰሐኑ ተመለሰ።

ማሽኑ ተተክሎ ባለቀ ማግስት፣ ጠዋት፣ ለሠራተኛው የበቆሎ ገንፎ እያገነፋሁ ነበር። ማርቲኖ ሙቅ ውኃ ፈልጎ ገባ። ድስቱን አየና ቆመ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«ፖሌንታ!» አለ። ከዚያ ጮኸ። «ፖሌንታ! ፖሌንታ!»

ማማሰያውን ከእጄ ወሰደና ያማስል ጀመር። ወንድ ገንፎ ሲያገነፋ በዕድሜዬ አላየሁም። ያውም ያውቅበታል፤ ከሥር እየጠነቆለ፣ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሸ፣ አንዲት ጓል ሳይተው። ደረቱን እየመታ «ማማ፣ ማማ» ይላል። ቀጥሎ ማማሰያውን ወደ ላይ አንሥቶ በአየር ላይ ያዞረው ጀመር፤ እናቱ ረጅም እንደነበረች ይሁን ድስቷ ትልቅ እንደነበረ እንጃ። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ስቄ ልሞት ነበር።

አቶ ሰይፉ በሩ ላይ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ያየውን ልንገራችሁ። የሚጮኽ ጣሊያን አየ። የተሰነዘረ ዱላ አየ። አፏን በነጠላ ሸፍና የምትንቀጠቀጥ ሴት አየ። ሰውየው ከመጣ ጀምሮ የሚጠብቀውን ነገር በመጨረሻ አገኘው።

«ሶሪ! ሶሪ!» እያለ ማርቲኖን በክንዱ ጎትቶ አወጣው። ማርቲኖ ወደ ኋላ እየዞረ ድስቱን ያሳያል፣ ይስቃል፣ «ፖሌንታ» ይላል። ከግቢው እስኪወጣ ሲል ሰማሁት። ሥራው አልቆ ስለነበር የሚወስደው መኪና በዚያው ይዞት ሄደ።

አቶ ሰይፉ ተመለሰ። «ለእንግዳ የበቆሎ ገንፎ? የእናንተን የቤንች ምግብ? ይኸው ሰደበን!»

«ምን ብሎ ሰደበን?»

«ፖሌንታ አለን! አልሰማሽም? ከድምፁ ያስታውቃል እኮ!»

«አልተቆጣም። እየሳቀ ነበር» አልኩ።

«ጣሊያን ሲቆጣ አላውቅምና ነው?»

ቤንች መሆኔ ሲነሣብኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የተወለድኩት ሸዋ ቤንች ነው። በልጅነቴ አማርኛውን ስሳሳት «ጎደሬ በል ምላስ ይከብዳል» ይሉኝ ነበር። ጎደሬ እበላለሁ። ገንፎም፣ እንጀራም፣ ሩዝም እበላለሁ። የምወደውን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ጣሊያኑ መታት» የሚለው ወሬ ግቢውን ሞላው፤ በሚቀጥለው ሰኞ በአቶ ሰይፉ ትእዛዝ ቡና ለቀማ ወረድኩ። ለቀማ ክፉ ሥራ አይደለም። ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከጥሩው ይለያሉ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የዋንዛ ማማሰያዬ ከላይ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ እኔ ከታች ሳልመታ የተመታሁ ሴት ነኝ። ሴቶቹ ያዝኑልኛል፤ «አይ ጣሊያን፣ መቼም አይለወጥ» ይላሉ። «አልመታኝም» ስል «ፈርታ ነው» ይባባላሉ። እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ከስድብ ይብሳል።

አቶ ሰይፉን ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ለምን አልጠየቁትም? እሱስ ይቅር፣ ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

«ነገሩን አታንሺው። ለራስሽም ውርደት ነው» ይለኛል።

በሚቀጥለው የቡና ወቅት የማሽኑ ቺንጊያ፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ አስቸገረና ማርቲኖ ተመልሶ መጣ። ከሚዛን ሆቴል የመጣችው አዲሷ ወጥ ሠሪ ፓስታ አቀረበችለት። እሱ ግን ሹካውን ሳያነሣ ደሳለኝን በቃልም በእጁም «ማማ ፖሌንታ የት አለች?» አለው።

ደሳለኝ እዚያው ቆሞ ስልኩ ላይ ፖሌንታ ምን እንደሆነ ፈልጎ አየ። ቢጫ ገንፎ ነው፤ የበቆሎ። የሆነውን በቃልም በምልክትም ነገረው፤ «መታሃት ብለው ከሥራዋ አወረዷት» አለው።

ደሳለኝ እንደነገረኝ፣ ማርቲኖ የእውነት ሲቆጣ አልጮኸም። ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ አቶ ሰይፉን ዓይን ዓይኑን እያየ ተናገረ። አቶ ሰይፉ ፈገግ ብሎ ወደ ደሳለኝ ዞረና «ዛሬ ደስ ብሎታል» አለ።

«ጌታዬ፣ እየሰደበዎት ነው» አለው ደሳለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፈታ። ሰውየው የተወለደው ተራራ ላይ ነው። እናቱ ያሳደገችው በበቆሎ ገንፎ ነው፤ ፓስታ እነሱ ቤት የበዓል ምግብ ነበር። በለቀማ ሴቶች ሁሉ ፊት ይህን በደሳለኝ ስልክ አስተረጎመ። እኔን በትከሻዬ አቅፎ «አልመታኋትም» ብሎ በአማርኛ ለመናገር ሞከረ፤ «አልመታችኝም» ብሎ ተናገረው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አቶ ሰይፉ «ያለፈው አለፈ፤ ወደ ወጥ ቤትሽ ግቢ» አለኝ።

«ለምን አልጠየቁም ነበር?»

ሰዓቱን አየና ሄደ። ማማሰያዬ እዚያ ስለሆነ ገባሁ። ጥያቄዬ ግን ውጭ ቀረ።

ወጥ ቤት ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው። እንግዳውን ራሱን ጠይቁ። መጠየቅ ካልተቻለ ሰሐኑን እዩ። ከየት እንደመጣ ማወቅ ምን እንደሚበላ ማወቅ አይደለም።

ቆይቶ ደግሞ አንዲት ቡና ገዥ መጣች። አቶ ሰይፉ እየሮጠ ወጥ ቤት ገባ።

«አስቴር! ጣሊያን መጥታለች! ቶሎ ገንፎ!»

ማማሰያዬን አስቀመጥኩ። «ጠይቀዋታል?»

«ጣሊያን ናት እያልኩሽ!»

ሽርጤን ፈታሁና ቀድሜው ወደ በረንዳው ወጣሁ። ፊቴን አይቶ መጠየቅ እንዳለበት ገባው፤ ጠየቃት። ፓስታ ነው የፈለገችው። ያውም ሚጥሚጣ ካለ ትመርጣለች።

ስንመለስ ደረጃው ላይ አቆምኩት። ማዕረጉንም ረሳሁት።

«ልጄ» አልኩት፣ «አሁንስ ትነግረኛለህ? ያን ቀን ማርቲኖንም እኔንም ለምን አልጠየቅከንም?»

በዚህ ጊዜ ግን ሰዓቱን አላየም።

«እማማ» አለኝ፣ «እሱ ጣሊያን ነው፣ እርስዎ ቤንች ነዎት። ሁለታችሁንም የማውቃችሁ መስሎኝ ነበር።»