ዘገዬ ምን ይጭናል?

ዘገዬ የመኪናውን ባሌስትራ ለመምረጥ ሦስት ወር አሰበ። ሚስት ለመምረጥ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቶታል። ሊዲን ያገኛት ከሶደሬ ሲመለስ፣ መንገድ ዳር ቆማ መኪና ስትጠብቅ ነው። አዳማ እስኪገቡ ስለ አስተማሪነቷ፣ ስለ አባቷ የሽንኩርት እርሻና ስለ አስቸጋሪ ጠባያቸው አጫወተችው። እሷ ከመኪና ስትወርድ የሱ ልብ አብሯት ወርዷል። ይህን ሁሉ የማውቀው ጎረቤቱ ስለሆንኩና ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ነው። ማስረሻ እባላለሁ፤ የድሬዳዋው ባቡር እስኪቆም ድረስ ትኬት ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለስላሳ የባቡር ወንበር የለመደ መቀመጫ እንዳለኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ዘገዬ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ከጨረታ የገዛት አሮጌ ላንድክሩዘር አለችው። የሆቴል እንግዶችን ወደ ሶደሬና ወደ ላንጋኖ ያመላልስባታል፣ በሠርግ ወቅት ሚዜ ይጭንባታል። ከኪሱ ነጭ ፎጣ አይጠፋም፤ ተሳፋሪ በሩን በነካ ቁጥር ቦታውን ይወለውላል። እኔ ራሴ በሯን ከነካሁ በኋላ ትከሻዬን ሲወለውል ይዤው አውቃለሁ። ለምን አላገባህም ሲሉት መንገዱ ሲስተካከል ይል ነበር፤ እኛም ስለ መንገዱ ስለምናውቅ ተስፋ ቆርጠን ነበር።

ሊዲ ከመጣች በኋላ ግን መንገዱ እውነተኛ ችግር ሆነ። እስከ ሶደሬ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ አባቷ ቤት ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ድንጋይና ቦረቦር ነው። አባቷ አቶ ሆራ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ሊዲ እንደነገረችው፣ አባቷ ሰውዬውን ከማየታቸው በፊት ጎንበስ ብለው የመኪናውን ሆድ ያያሉ። ከሱ በፊት ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከውባት ነበር። አንደኞቹን ወዲያው፣ ሌሎቹን አራት ጊዜ ካመላለሷቸው በኋላ አይሆንም ብለው ሸኝተዋቸዋል። ዘገዬ ይህን ሲሰማ ትዳሩ በመኪናዋ ሆድ ላይ የተንጠለጠለ መሰለው። መኪናዋን ተደራርበው የሚሸከሙት የባሌስትራ ብረቶች የረገቡ፣ ንረቱን የሚያበርደው አሞርዛተሯም ዘይት የሚያንጠባጥብ ነበርና እንቅልፍ አጣ።

አዳማ ውስጥ ምክር በነፃ ነው። ከባጃጅ በስተቀር መሪ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ከፍ አድርጋት አለው። የሆቴሉ ዘበኛ ትልቅ ጎማ አለው። የእህቱ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ስልኩ ላይ የአውስትራሊያ በረሃ የሚያቋርጡ መኪኖች እያሳየው እስከ ማታ አደከመው። እኔ ፍራሽ አንጥፍባት አልኩት፤ የኔን ግን የሰማ የለም።

በመጨረሻ ኑዕማን ጋ ሄድን። ኑዕማን የአርሲ ሰው ነው፤ በአዳማ እንደሱ ያለ መካኒክ የለም፤ ቃል ግን ይቆጥባል። መኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየና ተኝቶ እንዳለ ጠየቀ።

«ምን ትጭናለህ?»

ከዚያ ወጥቶ እጁን እየጠረገ አስረዳው። ባሌስትራ የሚመረጠው በመንገዱ ብቻ አይደለም፤ በጭነቱም ነው። ሰው የሚጭን ከሆነ ልል ባሌስትራና አዲስ አሞርዛተር ይበቃዋል። ሲሚንቶ የሚጭን ከሆነ ብረት ይደረብለታል። ለሲሚንቶ የተሠራ ብረት ላይ ሰው ከተቀመጠ ግን ብረቱ የሚጫነው ስለሚያጣ የተቀመጠውን ያነጥራል። ይህን ሁሉ ለልጅ እንደሚነግር ቀስ ብሎ ነገረው። ዘገዬ ግን ዓይኑ ላይ ያሉት ጎንበስ ብለው የሚያዩት አቶ ሆራ ነበሩ። ወፍራም ብረት ቢያዩ እንደሚወዱት እርግጠኛ ሆኗል።

«ሲሚንቶ» አለ።

የምጠጣው ሻይ ትን አለኝ። ኑዕማን ዳንቴል የለበሱትን ወንበሮች አየ፣ ነጩን ፎጣ አየ፣ ከዚያ ተው አለው፤ አቶ ሆራ ጎንበስ ብለው ያዩልኛል ሲለው ካልክ እሺ ብሎ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ብረት ደረበ። ጠንካራ አሞርዛተርም ገጠመላት። መኪናዋ አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ዘገዬ ሦስት ጊዜ ዞራትና ደስ አለው። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየም።

ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ሰውነታቸውም ንግግራቸውም የሞላ ሰው። ሦስተኛ ኑዕማንን አደረገ፤ ኦሮምኛው የጠራ ነው፣ አቶ ሆራም ባለሙያ ያከብራሉ ተብሎ። ኑዕማን ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው በሞተር ሳይክል መምጣት ይችል እንደሆነ ነው። አይሆንም ተባለ። እኔም የእግዜር ፍርድ አልኩ በልቤ።

እስከ ሶደሬ እየተጫወትን ሄድን። አስፋልቱ ሲያልቅ ጨዋታውም አለቀ። እኛና ወንበሩ ተለያየን፤ ስንገናኝም በክፉ ነው። አቶ ወልደአማኑኤል ዳዊት ጀምረው አንድ መስመር እንኳ ሳይጨርሱ ባርኔጣቸው ጣሪያው ላይ ተደፈጠጠ። እኔ የት የት እንዳመመኝ በጽሑፍ አላሰፍርም። ዘገዬ ምላሱን ነክሶ ደም እየዋጠ፣ እንዴት ናት ይለናል። ፊት የተቀመጠው ኑዕማን በሁለት እጁ መያዣውን እንደጨበጠ ሃያ አራቱን ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ ሲሚንቶ ቢሆን ዝም ይል ነበር።

እንደ ወጉ ዘገዬ ከግቢው ውጭ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኛ ገባን። አቶ ሆራ ቀጭን፣ ፂማቸው የነጣ ሰው ናቸው። አካም ጅርቱ ብለው ተቀበሉንና ወንበር አስቀረቡ። አቶ ወልደአማኑኤል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህ የወግ ነው፤ ማንም ሽማግሌ ይለዋል፣ ትንሽ ይለመንና ይቀመጣል። ወንበሮቹ ግን የእንጨት ነበሩ። አየናቸው፣ ተያየን፣ ቆምን።

ጉዳያችንን ተናገርን። አቶ ሆራ እንደ ልማዳቸው ዘመድ ላማክር፣ በሦስት ሳምንት ተመለሱ፣ አሁን ግን ተቀምጣችሁ እህል ቅመሱ አሉ። ተመለሱ የሚለውን ስሰማ ሃያ አራቱን ኪሎ ሜትር በልቤ እንደገና ቆጠርኩ። የአቶ ወልደአማኑኤል ዓይን እንባ አቀረረ።

«አቶ ሆራ» አሉ፣ «ዛሬ እሺ ካላሉን አንቀመጥም። በዚያ መንገድ ሌላ ቀን አንመጣም። እዚሁ ቆመን እንቀራለን።»

አንድ ሰዓት ቆምን። ጎረቤት ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ቆራጥ ሽማግሌ አይተን አናውቅም ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በቆራጥነት መታማቴ ስለሆነ ደረቴን ነፋ አደረግሁ። በመጨረሻ አቶ ሆራ ተነሥተው ከግቢው ወጡ። መኪናዋን ዞሯት፣ ጎንበስ አሉ፣ እንደዚያው ብዙ ቆዩ። ዘገዬ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሲመለሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የተቆጡ መሰለኝ።

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አሉ። «በሲሚንቶ ባሌስትራ ሽማግሌ ጭኖ የመጣ ሰው ግን ዛሬ አየሁ።»

ያለቀ መሰለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ዘገዬ የመኪናዋን አቧራ በፎጣው ሲወለውል ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ከልቤ አዘንኩለት። አርባ አንድ ዓመት ጠብቆ በአራት ብረት ሊቀር ነው። አቶ ሆራ ግን ወደ ኑዕማን ዞሩና ብረቱን ማን እንዳስገባው ጠየቁት። ኑዕማን ሙያውን ከሚያሰድብ ሽምግልናውን ቢያበላሽ የሚመርጥ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ። ተው ብዬው ነበር፤ እርስዎ ያዩልኛል ብሎ ነው።»

አቶ ሆራ ፂማቸውን አሻሹ። እሱስ በዚያው ላይ ተቀምጦ መጣ ወይ አሉ። ምላሱን ነክሷል አልን። ያን ጊዜ የያዙት ሳቅ አመለጣቸው፤ ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጥ የነበረው ለካ እሱ ነው።

«ለእኔ ብሎ ይህን ያህል የተንገላታ ሰው አልመጣብኝም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ጥሎሽ ግን ወርቅ አልፈልግም፤ እነዚያን አራት ብረቶች ፈትቶ ያምጣልኝ። ልጄ በነሱ ላይ ተቀምጣ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

አሁን ተቀመጡ አሉን። ምስጋናችን ከፍ ያለ ስለሆነ ቆመን እንብላ ብለን ለመንናቸው።

ብረቶቹ በሠርጉ ዋዜማ ደረሱ። አቶ ሆራ ለአንጥረኛ ሰጥተው መኮትኮቻ አሠሩባቸው፤ ዛሬ ሽንኩርታቸው የሚኮተኮተው በአማቻቸው ባሌስትራ ነው። ሙሽራዋ በልል ባሌስትራ ወጣች፤ እኔም አብሬ ነበርኩና ዳንቴሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዘገዬ አሁን ሽማግሌዎቹ እንዳይቀመጡ ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው እያለ ያወራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ባለፈው ወር ኑዕማን ጋ ሻይ ስጠጣ ዘገዬ መጣ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ እሱ ግን ትንሽ እንድትለሰልስ ፈለገ። ኑዕማን ሥሯ ገብቶ አየና ከዚህ በላይ ምን አለስልሳለሁ አለ። ከዚያ ተኝቶ እንዳለ ጠየቀ።

«ምን ትጭናለህ?»

ዘገዬ ወደ ጫማው አየ።

«ሊዲን» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ከሷ ጋር አንድ ሌላ አለ። ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ክብደቱን አላውቅም።»

ኑዕማን ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እንደ ነበረ አቀፈው። ሁለት የዘይት መዳፍ ነጭ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ታተመ። ዘገዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ እንጂ ፎጣውን አላወጣም።