የጾም ክምር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ወጣት የአበባ ችግኝና በከረጢት የታሸገ ኮምፖስት ሲሸጥ አገኘሁት። «እማማ፣ ይውሰዱ፤ ከከተማ ጥራጊ በማሽን የተዘጋጀ ነው፣ ሽታ የለውም» አለኝ። ለእኔ መንገሩ አሳቀኝ። የወጣትነት እንጀራዬ ይኸው ጥራጊ እንደነበር ምን ያውቃል? ሳልገዛው አለፍኩ፤ ሐሳቡ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

እናቴ በጥቅምት ሞተች። ያኔም እንዲሁ ባጭሩ ነበር የምናገረው። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስኩ፣ ተዝካሯ ወጣ፤ እንባ ግን አልመጣልኝም። የሰፈራችን ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩኝ «ድንጋይ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። አልፈረድኩባቸውም። ወደ ከተማ ሄጄ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጥራጊ ወደ ማዳበሪያ የሚለወጥበት ግቢ ተቀጠርኩ። መኪኖች ከገበያው፣ ከሆቴሉና ከጠላ ቤቱ የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አተላና የምግብ ትራፊ ያራግፋሉ። እኛ ፌስታሉንና ጠርሙሱን ለቅመን እናወጣለን፤ የቀረውን ማሽኑ ይፈጨዋል፤ ከገለባ ጋር ተደባልቆ በረጅሙ ይከመራል፤ ሎደር እየመጣ ያገላብጠዋል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። እኔ ምንም አይሸተኝም ነበር። ሽሮ በላሁ ገለባ በላሁ፣ ልዩነቱም አይታወቀኝም።

የሁዳዴ ጾም በገባ ሰሞን አባቴን ልጠይቅ ከሉማሜ ወደ ውስጥ ወደሚገኘው ቀያችን ወረድኩ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ከቤታችን በታች ያለውን ማሳ ያያል። እሱ ሲያርሰው እናቴ ስታርመው የኖሩበት ማሳ ነው።

«ነጥፏል» አለኝ። «ክረምት ሲገባ ባህር ዛፍ አስገባበታለሁ።»

ባህር ዛፍ የገባበት መሬት በቀላሉ ወደ ጤፍ እንደማይመለስ የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያ ማሳ እንዳለ እንዲቆይልኝ ነበር።

«ከምሠራበት ግቢ ማዳበሪያ አመጣልዎታለሁ፣ አባባ። ለአንድ ክረምት ብቻ ይታገሡኝ።»

«የከተማ ጥራጊ?» አለ። «የእስላሙ ሥጋ ከክርስቲያኑ፣ ጾሙ ከፍስኩ የተደባለቀበት? ከዚያ ላይ የበቀለ ጤፍ ነው የምታበይኝ?»

ወደ ግቢው ተመለስኩ። ነገሩን ለሥራ ባልደረባዬ ለከድጃ ስነግራት አልሳቀችብኝም። የይጁቤ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የሁለቱንም ወገን ደንብ ታውቃለች። «ታዲያ ጾም ከሆነ የሚበቃው፣ አሁን ሁዳዴ አይደል?» አለች። «የጾም ክምር እንሥራለታ።»

ሠራን። ከክርስቲያን ቤት የሚመጣውን የጾም ትራፊ፣ የምስርና የባቄላ ገለፈቱን፣ ጎመኑን፣ አተላውን ለብቻው ከመርን። የእንቁላል ቅርፊት እንኳ ሳይቀር እየለቀምን አወጣን። ከድጃ አጥንት ስታገኝ ከፍ አድርጋ ታየውና «ይቺ የእኛ ሰፈር ናት፣ ወደዚያ» እያለች ወደ ሌላው ረድፍ ትወረውራለች። የግቢው ኃላፊ መጀመሪያ «ምድርንም ልታስጾሟት ነው?» ብሎ አሾፈብን፤ በኋላ ግን ክምሩን ማንም እንዳይነካብን እሱ ራሱ ጠባቂ ሆነ። ከድጃ እንደዚያ ስትደክምልኝ ማመስገን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አመሰገንኳት። ውስጤ ግን ዝም እንዳለ ነበር።

ሐምሌ ላይ ብስባሹ ደርሶ፣ ተነፍቶ፣ በአይሱዙ ተጫነ፤ መኪናው እኔንም ይዞ ጭቃውን እየቀዘፈ ወረደ። ደጃችን ስንደርስ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። የባህር ዛፉ ችግኝ አጥር ሥር ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። አባቴ ከብስባሹ በእፍኙ ዘግኖ አሸት አሸት አደረገው።

«የጾም ነው፣ አባባ» አልኩት። «አንድም ፍስክ የለበትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። የነፍስ አባቴንም ጠይቄ ነበር። ‹መሬት ምን ጾም አለባት› ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

ብስባሹን ከእጁ አራገፈ። «ጤፍ አራሚ ይፈልጋል» አለ። «አርሼ፣ ዘርቼ፣ ቀና ብዬ ዞር ስል ማሳው ባዶ ነው። አልቻልኩም። ባህር ዛፍ አራሚ አይጠይቅም።»

አካፋ አነሳሁ፤ እሱም አነሳ። ያን ያህል የለፋንበትን ብስባሽ በየጉድጓዱ እየጨመርን ችግኙን ተከልንበት። አሁን እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ዝናቡ ሲጀምር ገብተን ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆሎ በላን።

አባቴም ካረፈ ቆይቷል። ዛፎቹ ተቆርጠው ደግመው ደጋግመው አቆጥቁጠዋል፤ ጥቅጥቅ ብለው ከቤቱ በላይ ሄደዋል፤ ሣር እንኳ ከሥራቸው አይበቅልም። በእሱ ተቀይሜ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ሆነ። እኔ ማሳውን እያየሁ ልኖር ፈለግሁ፣ እሱ እንዳያየው ፈለገ፤ ምክንያታችንም አንድ ነበር። ይህን ተነጋግረን አብረን እንደማልቀስ፣ ያን ዓመት ሙሉ ስለ ጾምና ስለ ፍስክ ስንከራከር ከረምን። የእናቴን ስም ከአፋችን አላወጣነውም።

ጥሩወርቅ ትባል ነበር።