ዓላማና ዒላማ

ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ በተባለ ጊዜ አጎቴ የአባታቸውን ምንሽር በሁለት እጃቸው አቅርበው አስረከቡ። ዝንጀሮዎቹ ግን ጥርሳቸውን አላስረከቡም።

አጎቴ ከኮምቦልቻ በታች፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ማሽላ ይዘራሉ። ገደሉ የዝንጀሮ ነው። ያለ ሊቀመንበርና ያለ ቃለ ጉባኤ ባንድነት ወርደው፣ ባንድነት በልተው፣ ባንድነት የሚመለሱ ፍጥረቶች ናቸው፤ በየስብሰባው የሚሰበክልን የኅብረት ሥራ በአውራጃው ውስጥ በትክክል የገባው ለእነሱ ብቻ ይመስለኛል።

ከድርቁ ወዲህ ደህና ዝናብ የጣለበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ፍሬ መቋጠር ጀምሯል። አጎቴ ቤት ስምንት ነፍስ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የእርዳታ ስንዴ ተሰልፎ የበላ ቤት ነው። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ለሰፈራ ይመዘገብ ነበር፤ በፈቃዱ፣ እንደሚባለው። የፈቃዱን ቅጽ ሌላ ሰው ይሞላለታል።

እኔ ያኔ ደሴ፣ ሆጤ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ በሌለ ሰዓት ግጥም እጽፋለሁ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ስህተቴን የሚነግረኝም አልነበረም፤ በዚህም እኮራ ነበር። በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት አጎቴ ከኮምቦልቻ አውቶቡስ ወርደው መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ያ ብዕርህ ከግጥም ሌላ ይጽፋል፣ የእህቴ ልጅ?»

«የእርስዎን ካልጻፈ ይሰበር።»

«እንግዲያ ለመንግሥት ጻፍልኝ። ወንጭፉን ዝንጀሮው ለምዶታል፤ ድንጋዩ ሲመጣ ፈንጠር ይልና ተመልሶ ይበላል። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ አንድ ጠመንጃ ያውሰኝ። የአባቴን አልልም፣ ያለውን።»

ቀላል ነገር ነበር። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን በሦስት መስመር ይጨርሰው ነበር። እኔ ግን «የገበሬው ዓላማ ዒላማውን አይስትም» ብዬ ጀመርኩ። ዓላማና ዒላማ፤ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ። በጣም ስለጣመችኝ ዒላማዋን ሦስት ቦታ ደጋገምኳት። ሳነብላቸው አጎቴ አገጫቸውን ይዘው አዳመጡና፣

«ዝንጀሮው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«ውስጡ አለ» አልኳቸው።

በሁለት ሳምንቱ ተፈቀደ። እንዲህ የፈጠነ ፈቃድ ሲመጣ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የብዕሬ ኃይል ነው ብዬ፣ ወረቀቱን እንኳ በወጉ ሳላነብ፣ ጠመንጃ ወደሚመረጥበት የኮምቦልቻ መጋዘን አጎቴን ይዤ ወረድኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አንድ ቀጭን አሥር አለቃ ነበር። ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ሦስት ጠመንጃ ደረደረልን። አንደኛው ረጅም ምንሽር ነው። ሁለተኛው ሰደፉ በሽቦ የታሰረ የጣልያን ጊዜ ጠመንጃ። ሦስተኛው አጭር፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ነው። አጎቴ ምንሽሩን አንስተው እንደ ዘመድ ልጅ አገላብጠው አዩት።

«ይኼን።»

«አባባ፣ ለእሱ ያለኝ አምስት ፍሬ ጥይት ነው» አለ አሥር አለቃው። «እሱም ዝንጀሮውን አልፎ ማዶ መንደር ይገባል። ትከሻዎንም ይራገጥዎታል።»

«አጭሩስ?»

«የሽጉጥ ጥይት ነው የሚበላው፤ እሱ በሣጥን አለ። አይራገጥም። ከመቶ እርምጃ ወዲያ አይጠይቁት እንጂ በሃምሳ እርምጃ ሎሚ ይመታል። ከማማዎ እስከ ማሳው ዳር ስንት ይሆናል?»

«ሰባ እርምጃ።»

«ታዲያ?»

አጎቴ አጭሩን ባንድ እጃቸው መዘኑት። «ይኼ ጠመንጃ ነው፣ የጠመንጃ ግልገል?»

«ያድግልዎታል፣ አባባ።»

«ዝንጀሮው ቢስቅብኝስ?»

«ሲስቅ አፉን ይከፍታል፤ እዚያ ላይ ነው ማነጣጠር።»

ከግቢው ጫፍ፣ ከአፈር ክምሩ ሥር አንድ የጣሳ ክዳን ቆሟል። አጎቴ ተንበርክከው፣ ቢስሚላሂ ብለው አንዴ ተኮሱ። ክዳኑ ተሽከርክሮ ወደቀ። ድምፁ እንደ ምንሽር ነጎድጓድ አይደለም፤ ግን ደረቅና ስለታም ነው። ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ርግቦቹ በሙሉ ተነሡ። አጎቴ የሚያዩት ክዳኑን ሳይሆን ርግቦቹን ነበር።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የሚያስነሣ ከሆነ ይበቃኛል።»

አሥር አለቃው ሊያስፈርማቸው ወረቀቱን ገለጠ። አነበበው፤ እንደገና አነበበው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ለስፖርት ነው የሚለው። ለዒላማ ተኩስ ልምምድ። እሑድ እሑድ እኔ ባለሁበት ይተኩሳሉ፤ በኅዳር መጨረሻ ለአውራጃው ውድድር ይቀርባሉ። ጠመንጃው ከእኔ ዓይን አይወጣም።»

አጎቴ ማንበብ አይችሉም። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ርግቦቹ ተመልሰው ማረፋቸውን እመለከት ጀመር።

ያኑ ቀን ወደ ፈቀደው ቢሮ ሄድን። የቢሮው ኃላፊ ማመልከቻዬን ከነማኅተሙ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ዒላማ» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ ሦስት ቦታ ተሰምሮበታል።

«ጓድ ኃላፊ፣ ለማለት የፈለግሁት ዓላማ ነው» አልኩ።

«ዒላማ ነው የሚለው።»

«እዚያ ላይ ዒላማ ነው፤ ከፊቱ ያለው ግን ዓላማ ነው። ሐሳቡ ሰብል መጠበቅ…»

«ጓድ፣ ዓላማውን እኛ እናውቃለን። ገበሬው የጠየቀው ዒላማ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ለውድድሩ ከገበሬ ወገን ሰው አጥተን ስንቸገር፣ በራሳቸው ተነሣሽነት የመጡ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

አዲስ ማመልከቻ ብጽፍ ከጥር በፊት እንደማይታይ በትሕትና ነገረኝ። በጥር ማሳው ላይ የሚተርፈው አገዳ ነው።

አጎቴ ጎንበስ አሉ። «ጌታዬ…»

«ጓድ ይበሉኝ።»

«ጓድ ጌታዬ፣ ከተማ መሃል ስተኩስ ሰው እንዳልጎዳ ፈራሁ። እኔ ማሳ አጠገብ ገደል አለ፤ ጥይት አያሳልፍም። ልምምዱ እዚያ ቢሆንስ?»

ኃላፊው ይህን ለበላይ በሚልከው ሪፖርት ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው ሲያስብ ፊቱ በራ። ፈቀደ።

ከቢሮው ስንወጣ አጎቴ እጄን ያዙኝ። «ካሁን ወዲያ ለእኔ ስትጽፍ አንድ ቃል እንዳታስጌጥ። ከዝንጀሮው ቀድመህ የበላኸኝ አንተ ነህ።»

በመጀመሪያው እሑድ እኔም ወረድኩ። የሸለቆው ሰው ሁሉ ሊያይ ወጥቷል። አሥር አለቃው የዒላማውን ሰሌዳ ከገደሉ ሥር ተከለ። አጎቴ አሥር ጥይት ተኮሱ። አንዱም ሰሌዳውን አልነካም። ዝንጀሮዎቹ ግን ከመጀመሪያው ተኩስ ጀምሮ ገደሉን ወደ ላይ ይሸሹ ነበር።

«ሰሌዳውስ ይሁን፣ ተራራውን እንኳ እንዳትስተው» አለ አንድ የአጎቴ እኩያ።

አጎቴ ቀለሆቹን ከመሬት ለቀሙ። በዚያ ሸለቆ ከእሳቸው የተሻለ ተኳሽ እንደሌለ ተሳዳቢውም ያውቃል፤ ለዚያ ነው ሳቁ ያማረለት።

አሥር አለቃው ወደ አጎቴ አየ። የጣሳውን ክዳን አልረሳም። ወደሚሸሹት ዝንጀሮዎች አየ፣ ወደ ማሽላው አየ፣ የአጎቴ ሚስት ያቀረበችለትን ጥብስ እሸት ቀመሰና መዝገቡን ገልጦ ጻፈ፦ «ሠልጣኙ እጅግ ደካማ ናቸው። በየቀኑ መለማመድ ያስፈልጋቸዋል።» በዚያ ዓመት በአውራጃው ከተጻፈው ሁሉ ምርጡ ይህ ነበር፤ የእኔንም ሥራዎች ጨምሮ።

ከዚያ ወዲያ አሥር አለቃው ማለዳ ማለዳ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል። እሱ ማማው ላይ እሸቱን ይዞ ይቀመጣል፤ አጎቴ ከሥሩ ተንበርክከው ይስታሉ።

ውድድሩ ሲደርስ ማሽላው ለአጨዳ አሥር ቀን ቀርቶታል። ያሸነፈ ከነጠመንጃው ወደ ደሴ ይላካል፤ ለቀጣዩ ውድድር። ደህና የተኮሰ ሥልጠናውን ጨርሷል ይባላል፤ ጠመንጃውም ከመጋዘን አይወጣም።

«ከአሥሩ ሁለቱን እንኳ ይምቱ» አልኳቸው በጆሯቸው። «ለስምዎ።»

«ሁለቱን ከመታሁ ተምሯል ይሉኛል።»

ከተማው ሁሉ፣ የሸለቆው ሰውም፣ አማቶቻቸውም ቆመው እያዩ አሥሩንም ሳቱ። ከኋላዬ አንዱ «የአባቱን ምንሽር መንግሥት መውሰዱ ደግ አደረገ» ሲል ሰማሁ። አጎቴም ሰምተዋል። ጠመንጃውን ለአሥር አለቃው መልሰው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ፤ ይህኛው የማስመሰል አልነበረም። የቢሮው ኃላፊ ተስፋ ሳይቆርጡ ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ በድምፅ ማጉያ አበረታታቸው።

በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶ ጎተራ ገባ። ለሰፈራ የሚመዘግቡት ሰዎች መጥተው ጎተራውን በእንጨት አንኳኩ፤ ሙሉ ሆኖ አገኙትና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ስምንቱም ነፍስ በቤቱ ቀረ።

እስካሁን በዚያ ሸለቆ አንድ ሰው ነገር ሲበላሽበት በአጎቴ ስም ይቀለድበታል። እኔ ባለሁበት ሲነሣ እውነቱን ልናገር አፌን እከፍታለሁ። አጎቴ ጉልበቴን ጫን ያደርጉታል።

«ተው» ይላሉ። «ከርሞም ዝንጀሮ አለ።»